ልጃችን 11ኛ ክፍል ደርሳለች፤ ለኮሌጅ ማመልከቻዋ እኛ ወላጆች ምን ልናደርግላት እንችላለን?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ለተከበራችሁ ወገኖቼ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ምክራችሁን የምሻው ስለ ታላቋ ልጄ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ በሚገኝ የሕዝብ ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ትማራለች። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ከሒሳብና ከኬሚስትሪ በቀር በሁሉም ትምህርት ኤ ነው ያላት። እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ በራሱ መኪና ሰው በማመላለስ ይሠራል። ሁለታችንም 12ኛ ክፍልን የጨረስነው አገር ቤት ስለሆነ፣ እኛ የምናውቀው ማትሪክ ተፈትኖ፣ የሚፈልጉትን ዩኒቨርሲቲ በቅጽ ላይ በቅደም ተከተል ሞልቶ፣ ምደባው እስኪወጣ መጠበቅን ብቻ ነው። የዚህ አገር አሠራር ግን ከፈተናው ይልቅ ወረቀቱ የሚከብድ ሆኖብናል።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ልጄ ማተሚያው ላይ የረሳችው አንድ ወረቀት አገኘሁ። የ14 ኮሌጆች ስም ተዘርዝሮበታል፤ ከእነዚያ መካከል እኔ በስም የማውቀው ሦስቱን ብቻ ነው። በአንዳንዶቹ ትይዩ በእስክሪብቶ «90 ሺህ» ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል። ስለ ወረቀቱ ስጠይቃት «እማዬ፣ አንቺ አትጨነቂ፤ እኔው እጨርሰዋለሁ» አለችኝና የክፍሏን በር ዘጋች። ባለቤቴ በበኩሉ ልጅቷ ከቤት ሳትወጣ በአቅራቢያችን ባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ብትማር ይመርጣል። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜያለሁ።

የኮሌጅ አማካሪ ነኝ የሚል አንድ ሰው ማመልከቻውንም የገንዘብ ዕርዳታ ቅጹንም ጠቅላላ ለመሙላት 3,000 ዶላር ጠይቆናል፤ መክፈሉ ይበጃል ትላላችሁ? የአንድ ዓመት ክፍያው የእኛን ገቢ የሚያህል ትምህርት ቤት ማመልከትስ ዕብደት ነው ወይስ እኔ የማላውቀው መንገድ አለ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እንግሊዝኛችን ድርሰቷን ለማረም የማይበቃ እኛ ወላጆች ከአሁን ጀምሮ ልናደርግላት የምንችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ ውለታችሁ አለብኝ።

የአሌክሳንድሪያው አባት፦

ውድ እህቴ፣ ሁለት ልጆች በዚሁ መንገድ ስላሳለፍኩ ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ለመጀመሪያ ልጄ እንዲህ ላለ አማካሪ 2,800 ዶላር ከፍያለሁ። ሰውዬው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ዕርዳታ ማመልከቻ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞላልን፤ መለያውን ሲከፍት ግን ያስገባው የራሱን ኢሜይልና የራሱን ስልክ ቁጥር ነበር። ቅጹ በየዓመቱ እንደገና የሚሞላ ስለሆነ በዓመቱ ልንገባ ስንሞክር የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ወደ እርሱ ስልክ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱ ደግሞ ስልክ ማንሳት ትቷል። መለያውን በእጃችን ለማስገባት ስድስት ሳምንት ፈጀብን። ፋፍሳ «ነፃ ማመልከቻ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ያለበት ቅጽ ነው፤ ለእርሱ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥምዎ በሩን ያሳዩት።

በዚያ ገንዘብ ፋንታ የትምህርት ቤቷን ካውንስለር በደንብ ይጠቀሙበት። የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር የሚመክረው አንድ አማካሪ 250 ተማሪ እንዲይዝ ነው፤ በተግባር ግን አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ስለሚይዙ፣ በራቸውን የማታንኳኳ ጭምት ተማሪ ከዓይናቸው ትሰወራለች። ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ቀጠሮ ይያዙ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ቋንቋ ለሚቸግረው ወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በእናንተ ካውንቲ ደግሞ አማርኛ ትምህርት ቤቶቹ መልእክታቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ አስተርጓሚ መጠየቅዎ ለማንም እንግዳ ነገር አይሆንም። ልጅቱን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዷት፤ ስለ ራሷ የሚባለውን ሁሉ አሳጥራ ነው የምትነግርዎ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ስለ ዋጋው ያነሱት ጥያቄ ዕብደት አይደለም። እዚህ አገር ኮሌጅ የሚለጥፈው ዋጋ ሌላ፣ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚከፍለው ሌላ ነው። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ እንዲያስቀምጥ በሕግ ተገድዷል፤ ገቢያችሁን፣ የቤተሰባችሁን ብዛትና ጥቂት ሌሎች ነገሮችን ስታስገቡ ምን ያህል ሊያስከፍላችሁ እንደሚችል ግምቱን ያወጣል። ለምሳሌ ሃርቫርድ ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር የማይበልጥና የተለመደ ያህል ንብረት ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ምግብና መኖሪያን ጨምሮ በነፃ እንዲማሩ ወስኗል። በእኛ ቨርጂኒያም የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች ለሆነ የግዛቱ ነዋሪዎች የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። በሌላ በኩል፣ ስማቸው የማይታወቅና ዕርዳታቸው ቀጭን የሆነ የግል ኮሌጆች አሉ፤ የሚያስፈሩኝ እነዚህ ናቸው። ልጅዎ «90 ሺህ» የሚለውን ጽፋ የሰረዘችው ምናልባት ማስያውን ሞክራ ሊሆን ይችላልና፣ ውጤቱን አብራችሁ ተመልከቱት።

ቀኖቹን በአጭሩ ላስታውስዎ። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ለአዲሱ ዓመት የሚከፈተው ኦገስት 1 ቀን ነው። ፋፍሳ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው። የቅድሚያ ማመልከቻዎች በአብዛኛው ኖቬምበር 1 ወይም 15፣ መደበኛዎቹ በጃንዋሪ መጀመሪያ ይዘጋሉ። በሜሪላንድ ለግዛቱ ዕርዳታ ፋፍሳ እስከ ማርች 1 መግባት አለበት። የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው ሜይ 1 ነው። ለኮሌጅ መግቢያ የሚሆነውን የኤስኤቲ ፈተና በተመለከተ፣ በአነስተኛ ገቢ መስፈርት ካለፈች ካውንስለሯ ሁለት ጊዜ በነፃ እንድትፈተን ማድረግ ይችላል፤ ይኸው ፈቃድ የብዙ ኮሌጆችን የማመልከቻ ክፍያም ያስቀርላታል። ፈተናውን በፈቃደኝነት አድርገውት ከነበሩት ኮሌጆች መካከል እነ ዬልና ብራውን በ2024 ወደ ግዴታ መመለሳቸውን ስለሰማሁ፣ ከወዲሁ ብትፈተን ይሻላል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። «ኧርሊ አክሽን» እና «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባሉት በስም የሚመሳሰሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀድሞ ማመልከት ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ከተቀበሉኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እገባለሁ የሚል ቃል ኪዳን ሲሆን፣ ተማሪዋ ብቻ ሳትሆን ወላጅም ይፈርምበታል። የዕርዳታ ደብዳቤዎችን አነጻጽሮ መምረጥ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ እጅን አስሮ መደራደር ነው። ልጅዎ ፊርማ ስትጠይቅዎ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ እስክሪብቶ አያንሡ።

ታክስ ሠሪው፦

ለጠያቂዋ እህታችንና ለሌሎችም አንባብያን። የምተዳደረው ታክስ በመሥራት ስለሆነ፣ ድርሰቱንና ምርጫውን ለሚያውቁት ትቼ ስለ ገንዘብ ዕርዳታው ወረቀት ብቻ እጽፋለሁ።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር፣ ፋፍሳ የሚመለከተው ልጁ ኮሌጅ የሚገባበትን ዓመት ገቢ ሳይሆን ከዚያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ያለውን የታክስ ዓመት መሆኑን ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ላላችሁ፣ የሚታየው ገቢ ባለፈው ዲሴምበር የተዘጋው ነው። ስለዚህ አሁን በጠረጴዛችሁ ላይ ያለው፣ እስከ ኤፕሪል 15 የምታስገቡት የታክስ ወረቀት የኮሌጅ ወረቀት ጭምር ነው ማለት ነው። በጥንቃቄ ይሠራ። በተለይ ባልና ሚስት በአንድ ቤት እየኖሩ አንዳቸው «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (ያላገባ የቤተሰብ አስተዳዳሪ) ብለው ያስገቡ እንደሆነ፣ በፋፍሳው ላይ ባለትዳር መሆናቸውን ሲገልጹ ሁለቱ ወረቀቶች ይጋጫሉ፤ ኮሌጁም ግጭቱ ሳይፈታ ዕርዳታውን አይለቅም። እንዲህ ያለውን በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ እያለቀሱ የሚያመጡልኝ ቤተሰቦች አሉ።

ሁለተኛው የኛ ሰው ችግር ስም ነው። ፋፍሳን ለመሙላት ተማሪዋም ወላጇም ለየራሳቸው መለያ መክፈት አለባቸው፤ የሚያስገቡት ስምና የልደት ቀን ደግሞ በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዷ ልጅ በትምህርት ቤት መዝገብ በአባቷ ስም፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ በአያቷ ስም ተጠርታ አይቻለሁ። የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ የተዛባበትም አለ። በዚህ ሳምንት የሁላችሁንም ካርዶች ከመሳቢያ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩአቸው። ስሕተት ካለ ለማስተካከል ቀጠሮና ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ኦክቶበር ላይ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

ባለቤትዎ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ስለሆነ ይህን ይጨምሩበት። ቅጹ የሚመለከተው ጠቅላላ የገባላቸውን ገንዘብ ሳይሆን ከመኪናው ወጪ በኋላ የቀረውን ትርፍ ነው፤ ስለዚህ የኪሎ ሜትር ወይም የማይል መዝገባቸውን በአግባቡ ይያዙ። ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር በታች የሆነና ቀለል ያለ ታክስ የሚያስገቡ ብዙ ቤተሰቦች ስለ ቁጠባና ንብረት ጭራሽ አይጠየቁም፤ ነገር ግን ከግል ሥራ የተገኘ ትርፍ ከ10,000 ዶላር ከበለጠ ይህ ማቅለያ ይቀራል፤ በባንክ ያለው ገንዘብም ይጠየቃል። የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባ በፋፍሳ አይቆጠሩም። አንዳንድ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለው ሌላ ቅጽ ግን ስለ ቤትም ይጠይቃል፤ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰቦች እርሱም በነፃ ይሞላል።

ለአገር ቤት የምንልከውን ገንዘብ በተመለከተ፣ ፋፍሳ ላይ የሚቀነስበት ቦታ የለም። ይህ ያሳዝናል፤ እናቱን የሚጦር ሰው ገንዘቡ ሁሉ ለራሱ እንደሚተርፈው ሰው ይቆጠራልና። ሆኖም የኮሌጁ የዕርዳታ ቢሮ ልዩ ሁኔታዎችን በራሱ ማስተዋል ተመልክቶ የማስተካከል ሥልጣን አለው። የተላከበትን ደረሰኝ በወራት አደራጅታችሁ፣ ለማን እንደሚላክና ምክንያቱን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ገልጻችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ። ሁልጊዜ ይቀበላሉ ብዬ ቃል አልገባም፤ ከተቀበሉላቸው ቤተሰቦች መካከል ግን አብዛኞቹ ደረሰኝ ያስቀመጡ ነበሩ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦

እንደምን ዋሉ። እኔ የልጅዎ ታላቅ እህት ልሆን የምችል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ይህን መንገድ የጨረስኩት ከሁለት ዓመት በፊት ስለሆነ ከልጅ ወገን ያለውን ልንገርዎ።

በሩን የዘጋችው እርስዎን ንቃ አይመስለኝም። እኛ የመጀመሪያ ልጆች የመብራት ክፍያውን፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ፣ የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ስብሰባን ስንተረጉም ስላደግን፣ ወላጆቻችን ላይ አንድ ሸክም ከምንጨምር ብቻችንን ብንወድቅ ይቀለናል። እኔ ራሴ እናቴ ስትጠይቀኝ «ጨርሻለሁ» ብዬ፣ አንድ መስመር ሳልጽፍ ሦስት ሳምንት አሳልፌያለሁ።

የኮመን አፕ ድርሰት ከ650 ቃላት አይበልጥም። በመጀመሪያ የጻፍኩት ወላጆቼ ስለ እኔ ብለው ስለ ከፈሉት መሥዋዕትነት ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሬ አንብባ «እናትሽን ወደድኳት፤ አንቺ ግን የት አለሽ?» አለችኝ። እኛ ቤት ራስን ማሞገስ ነውር ነው፤ ሰው ያመስግንሽ እንጂ አንቺ አትበዪ ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ስለ ራሴ የሚል ዐረፍተ ነገር ስጀምር እጄ ይቆማል።

የፈታችልኝ እናቴ ናት፤ ያውም እንግሊዝኛ ሳትናገር። አንድ እሑድ ቡና እያፈላች «በምን ጎበዝ ነኝ ብዬ ልጻፍ?» ብዬ በቀልድ ስጠይቃት፣ ሳታስብ «የእቁቡን ደብተር ማን ያዘው ታዲያ?» አለችኝ። እውነት ነው፤ የእናቴ እቁብ 22 ሴቶች ነበሩበት፤ የእቁቡ ጸሐፊ ታምመው ደብተሩ ሲምታታ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሆኜ ኮምፒውተር ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ ማን እንደከፈለ፣ ማን ዕጣ እንደ ደረሰው፣ ማን ዕጣዋን ለሌላ እንዳሳለፈች ለሁለት ዓመት ያህል መዝግቤአለሁ። አንድ ጊዜ የ500 ዶላር ጉድለት ተገኝቶ፣ ከደብተሩ ገጽ 31 ላይ ሁለት ጊዜ የተቆጠረች ሴት መኖሯን ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። እኔ ይህን ለእናቴ መታዘዝ እንጂ ሥራ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ድርሰቴ እርሱ ሆነ።

ስለዚህ ልጅዎ ምን እንደምትሠራ እርስዎ ያውቃሉ፤ እርሷ ግን ላታውቀው ትችላለች። ቁጭ ብለው በአማርኛ ይንገሯት። ኮመን አፕ እስከ 10 የሚደርሱ ክንውኖችን ይቀበላል፤ ከምድቦቹ አንዱ «የቤተሰብ ኃላፊነት» ነው፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራም ራሱን የቻለ ምድብ ነው። ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣ ከሆነ፣ እርስዎ ሌሊት ሲሠሩ ራት የምታሠናዳ ከሆነ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምር ከሆነ ይጻፍ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነም ይጠይቃል። የእያንዳንዱ መግለጫ 150 ሆሄ ብቻ ስለሆነ ቁጥር ያለበት ቢሆን ይመረጣል። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ከቻለችም፣ ሜሪላንድ ሁለት ቋንቋ ለሚችሉ ተመራቂዎች የሚሰጠው ማኅተም አለና ካውንስለሯን ትጠይቅ፤ በአማርኛ የሚሰጥ መመዘኛ ፈተና አለ።

መምህራንን በተመለከተ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፍላት ዘንድሮ ካስተማሯት ሁለት መምህራን ቢሆን መልካም ነው፤ መጠየቅ ያለባትም ትምህርት ሳይዘጋ በሜይ ወይም በጁን ነው። እኛ መምህር ፊት ዝም ማለት አክብሮት ነው ተብለን ስላደግን፣ ጎበዝ ሆነንም መምህሩ ስለ እኛ የሚጽፈው ነገር ያጣል። ከትምህርት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ሄዳ ያልገባትን እንድትጠይቅ ያበረታቷት፤ ኬሚስትሪው ላይ ኤ አለማምጣቷ ራሱ ለመሄድ ምክንያት ይሆናታል።

የሮክቪሉ አባት፦

የባለቤትዎን ሐሳብ ሰው ሁሉ የተወው መሰለኝና እኔ ልደግፋቸው፤ በግማሽ ብቻ ቢሆንም። ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ተዛውሯል፤ ዲፕሎማው ላይ ሁለት ዓመት የት እንደነበረ የሚናገር ነገር የለም፤ ዕዳም የለበትም። በቨርጂኒያም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰንና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተረጋገጠ ቅበላ የሚያስገኝ ስምምነት አለው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሰነፍ ቦታ ነው የሚለውን በሠርግና በልቅሶ ላይ የሚወራ ወሬ አትስሙ።

ይሁን እንጂ ባለቤትዎ አንድ ነገር ቀላል መስሏቸዋል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መግባትና የነርሲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ መግባት አንድ አይደሉም። ኮሌጁ ሁሉን ይቀበላል፤ ነርሲንጉ ግን የአናቶሚና የመሳሰሉትን ቅድመ ትምህርቶች በጥሩ ውጤት ጨርሶ፣ እንደገና አመልክቶና ተወዳድሮ የሚገባበት ነው። ከቤት እንዳትርቅ ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ ሮክቪል ባለው የሼዲ ግሮቭ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕከል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። ዝውውር የምታስብ ከሆነም፣ የምትወስደው እያንዳንዱ ኮርስ በሚቀጥለው ዩኒቨርሲቲ መቆጠር አለመቆጠሩን ከመመዝገቧ በፊት አርትሲስ በተባለው የሜሪላንድ የዝውውር ማውጫ ላይ ትመልከት። ልጄ ይህን ባለማየቱ አንድ የሒሳብ ኮርስ ሁለት ጊዜ ወስዷል።

ልጅቱ ነርስ መሆን ትፈልጋለች ወይ የሚለውን ግን ማንም የጠየቃት አልመሰለኝም።

አንድ ወላጅ ከባልቲሞር፦

ይቅርታ፣ በእህታችን ጥያቄ መሐል ልግባ። እኛ የጥገኝነት ጉዳያችን ገና አልተወሰነም፤ የሥራ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ አለን። ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። ፋፍሳ መሙላት ይችላል?

ታክስ ሠሪው፦

ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው፣ እንዲሁም ግሪን ካርድ ያለው ሰው የፌዴራል ዕርዳታ ያገኛሉ። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ግን የሥራ ፈቃድ ቢኖረውም አያገኝም፤ ይህ ወላጅን ሳይሆን ተማሪውን የሚመለከት ነው። ወላጅ ምንም ዓይነት ወረቀት ባይኖረው እንኳ ዜጋ የሆነ ልጁ ሙሉ መብት አለው። ልጅዎ በሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ የተማረና የግዛቱን መስፈርት የሚያሟላ ከሆነ፣ ኤምኤስኤፍኤኤ የሚባል የሜሪላንድ የራሱ የዕርዳታ ማመልከቻ አለ፤ የነዋሪ ዋጋ የሚከፍልበትም መንገድ አለ። እነዚህ ሕጎች የሚለዋወጡ ስለሆኑ የሚያመለክትበትን ኮሌጅ ቢሮ በቀጥታ ይጠይቁ፤ የጥገኝነት ጉዳዩን የያዘውንም ጠበቃ ሳያማክሩ ምንም ነገር አይፈርሙ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አማካሪ ነኝ ላለው ሰው አንከፍልም ብለን መልሰናል። ሁለት ነገር ግን ልጠይቅ። የእቁቡ ነገር ሲነሣ ደነገጥሁ፤ እኔም እቁብ አለኝና በኦክቶበር ወር ዕጣዬ ነው፤ 18,000 ዶላር ይደርሰኛል። በባንክ ገብቶ ከታየ ዕርዳታውን ያሳጣታል? ሌላው ደግሞ፣ የዕርዳታው ደብዳቤ ሲመጣ እንዴት ነው የሚነበበው? የሥራ ባልደረባዬ ልጅ «40,000 ዶላር ተሰጠኝ» ብላ ገብታ፣ በኋላ ግማሹ ብድር ሆኖ ተገኘ።

ታክስ ሠሪው፦

ቅጹ የሚጠይቀው በሞላችሁበት ዕለት በባንክና በእጅ ያለውን ገንዘብ ነው። እቁቡ ለታሰበ ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለመኪና ዕዳ ወይም ለቤት ጣሪያ፣ ገንዘቡን ለታሰበለት አውላችሁ ከዚያ መሙላት ሕጋዊ ነው። ወይም ፋፍሳው እንደተከፈተ ዕጣው ሳይደርስዎ መሙላት ይችላሉ። ገንዘቡን በዘመድ ስም ማስቀመጥን ግን የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት፤ ወረቀቱ ላይ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። እንዲያም ሆኖ በዕርዳታው ስሌት ከወላጅ ቁጠባ ላይ የሚታሰበው ከፊሉ ብቻ ነው፤ 18,000 ዶላር ተገኘ ብለው 18,000 ዶላር አይቀንሱባትም።

የአሌክሳንድሪያው አባት፦

ስለ ደብዳቤው እኔ ልመልስ፤ ሁለት ጊዜ ተቃጥዬበታለሁና። ኮሌጆች ስጦታውንም፣ ብድሩንም፣ በግቢው ውስጥ ተሠርቶ የሚገኘውንም ደመወዝ በአንድ ዓምድ ደምረው «ሽልማት» ይሉታል። እርስዎ ወረቀት ያውጡና ሦስት ዓምድ ያስምሩ። የማይመለሰውን፣ ማለትም ፔል ግራንት የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት ስጦታ፣ የግዛቱንና የኮሌጁን ስጦታ በአንደኛው ይጻፉ፤ ፔል ግራንት በቅርብ ዓመታት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። በሁለተኛው በልጅቷ ስም የሚወሰደውን የፌዴራል ብድር ይጻፉ፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከ5,500 ዶላር አይበልጥም። በሦስተኛው «ፓረንት ፕላስ» የሚለውን ይጻፉ። ይህ የመጨረሻው በእርስዎ ስም የሚወሰድ፣ ወለዱ ከፍ ያለ ዕዳ ነው፤ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር እንዳይበልጥ ገደብ ተደርጎበታል። እኔ ለታላቅ ልጄ ይህን ብድር ስጦታ መስሎኝ ፈርሜበታለሁ፤ እስካሁን በየወሩ 15ኛው ቀን እከፍላለሁ።

ከኮሌጁ ጠቅላላ ወጪ ላይ የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ይቀንሱ። የሚቀረው ነው ዋጋው። ሁለት ኮሌጆች ከተቀበሏትና ልጅቷ የምትወደው የበለጠ የሚያስከፍል ከሆነ፣ የሌላውን ደብዳቤ አያይዛ በትሕትና እንደገና እንዲታይላት መጠየቅ ትችላለች። በዚህ አገር ይህ እንደ ነውር አይታይም። እኔ በሁለተኛው ልጄ ጊዜ ጠይቀን በዓመት 3,500 ዶላር ጨምረውልናል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ዛሬ ካርዶቹን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው። የባለቤቴና የእኔ ትክክል ነው። የልጃችን ግን የአባቷ ስም በትምህርት ቤት መዝገብ በአንድ «ኤስ»፣ በሶሻል ሴኩሪቲው በሁለት «ኤስ» ተጽፏል። ፓስፖርቷም ሁለት «ኤስ» ስለሆነ የሚታረመው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ከሌሊት ሥራዬ በቀጥታ ወደ ካውንስለሯ እሄዳለሁ፤ አስተርጓሚም ጠይቄአለሁ። ልጄ ካርዶቹን ስታይ ከክፍሏ ወጥታ «ምን እየሠራችሁ ነው?» አለችና ቁጭ ብላ ከአባቷ ጋር የሦስት ኮሌጆችን ማስያ ሞላች። በዋጋው በጣም ርካሽ ሆኖ የወጣው በስም ከማላውቃቸው አንዱ ነው። ባለቤቴ ነርሲንግ አለው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ «የለውም፤ እኔ የምፈልገው ስታቲስቲክስ ነው» አለችው። ስታቲስቲክስ ምን እንደሚሠራ እያስረዳችው ነው፤ እኔ ወደ ሥራ ስወጣ ገና አልጨረሱም ነበር።